አንገቱን ማሳጠር ወይስ መሪውን መቀየር? ለኮርስ ብስክሌት ትክክለኛውን ርቀት መምረጫ

ከለገጣፎ ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው አስፋልት ዳር ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ብትቆሙ፣ ብስክሌቱ የተስማማውንና ያልተስማማውን ሰው ከሩቅ ትለያላችሁ። አንዱ ክርኑን አጠፍ፣ ትከሻውን ዘና አድርጎ ያልፋል። ሌላው ክንዱ እንደ ዱላ ተገትሮ፣ ትከሻው ጆሮው ሥር ደርሶ፣ በየደቂቃው አንድ እጁን እያነሳ ያራግፋል። የሁለቱ ብስክሌት ሥሪቱም ቁጥሩም አንድ ሊሆን ይችላል። የሚለያቸው ከኮርቻው እስከ ፍሬን እጀታው ያለው ርቀት ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ከ2 ወይም ከ3 ሴንቲሜትር አይበልጥም።

እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ እጁን የሚያራግፈው ነበርኩ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ72 ነው። የገዛሁት ያገለገለ ብስክሌት 120 ሚሊሜትር አንገትና 44 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው መሪ ነበረው። «አንገት» የምለው መሪውን ከሹካው ዘንግ ጋር የሚያያይዘውን ክፍል ነው፤ ሱቅ ሄዳችሁ «ስቴም» ብትሉም ያው ነው። ሻጩ «የውድድር ሰዎች የሚነዱት እንዲህ ያለውን ነው» ሲለኝ ደስ ብሎኝ ከፈልኩ። ሰንዳፋ ሳልደርስ ትንሿ ጣቴና የቀለበት ጣቴ ይደነዝዙ ነበር። መላ ያገኘሁ መስሎኝ ኮርቻውን ወደፊት ገፋሁት። እጄን ትንሽ ቀለል አለኝ፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን ጉልበቴ ከፊት በኩል ያመኝ ጀመር። ችግሩ ከእጄ ወደ ጉልበቴ ተዛወረ እንጂ አልሄደም።

ይህን የምጽፈው ሌላው ሰው ያንን ሁለት ዓመት እንዳያባክን ነው። ኮርቻው በእግር ይለካል፤ መሪው በትከሻና በመዳፍ ይመረጣል፤ አንገቱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ የቀረውን ርቀት ለመሙላት ነው። ብዙዎቻችን ግን ከአንገት እንጀምራለን፤ ዋጋው ቀላል ነው፣ ለመቀየርም ሩብ ሰዓት አይፈጅም። አንዳንዴ ያዋጣል፤ ብዙ ጊዜ ግን ሌላ ቦታ ያለውን ችግር ይሸፍናል። «አንገት» የምለው መሪውን ከሹካው ዘንግ ጋር የሚያያይዘውን ክፍል ነው፤ ሱቅ ሄዳችሁ «ስቴም» ብትሉም ያው ነው።

መጀመሪያ ኮርቻው ቦታውን ይያዝ

ኮርቻው ሳይስተካከል መሪ መለካት መሠረቱ ሳይደርቅ ግድግዳ እንደ ማቆም ነው። የታወቀ የመነሻ ስሌት አለ። ጫማ አውልቃችሁ ግድግዳ ተደግፋችሁ ቁሙ፤ ወፍራም ደብተር በእግራችሁ መሃል አስገብታችሁ እንደ ኮርቻ እስኪጫናችሁ ሽቅብ ግፉት፤ ከወለሉ እስከ ደብተሩ አናት ለኩ። ያገኛችሁትን በ0.883 አባዙት። 80 ሴንቲሜትር ከሆነ 70.6 ይመጣል። ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት የመሃል ዘንግ እስከ ኮርቻው አናት የሚኖረው ርቀት ይህ ነው፤ በጫማችሁ ውፍረት ልክ ጥቂት ሚሊሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ይላል።

የፊትና የኋላ ቦታውን ለማየት የምጠቀመው ክርና አንድ ዳዶ ነው። ክሩን ዳዶው ላይ አስሬ፣ ብስክሌቱን የግቢያችን በር አስደግፌ እቀመጥና ፔዳሎቹን ከመሬት ጋር አግድም አደርጋለሁ። ከፊተኛው እግር የጉልበት ሎሚ በታች ጉብ ያለች አጥንት አለች፤ ክሩን እሷ ላይ ይዤ ዳዶውን እለቀዋለሁ። ዳዶው በፔዳሉ ዘንግ ትክክል ወይም ከዚያ ትንሽ ወደኋላ ከወደቀ መነሻው ደህና ነው። ይህ ሕግ አይደለም፤ ጉልበታችሁ ካላመመና አቀበት ላይ ጉልበት ካላጣችሁ አትነካኩት። ከዚህ በኋላ ግን ኮርቻው ለእጅ ሲባል አይንቀሳቀስም። የእኔ ጥፋት እዚህ ላይ ነበር።

ረዝሟል ወይስ አጥሯል?

ብሎን ከመፍታታችሁ በፊት ሦስት ቁጥር ወረቀት ላይ አስፍሩ፦ ከኮርቻው አፍንጫ እስከ መሪው መሃል፣ ከኮርቻው አፍንጫ መዳፍ እስከሚያርፍበት የፍሬን እጀታው ጎድጓዳ፣ እና መሪው ከኮርቻው ስንት ሴንቲሜትር ዝቅ ወይም ከፍ እንደሚል። ወረቀቱን አትጣሉት፤ አዲሱ ባይስማማችሁ የመመለሻ መንገዳችሁ እሱ ነው።

ቀጥሎ አንድ ሰው ከጎን በስልክ ይቅረጻችሁ። ቆማችሁ የምትነሱት ፎቶ አይጠቅምም፤ ሰው ካሜራ ሲያይ ጀርባውን ያሳምራል። ቢያንስ 20 ደቂቃ ከጋለባችሁ በኋላ፣ ድካም ትክክለኛ አቀማመጣችሁን ሲያወጣው ይቀረጽ።

ርቀቱ ሲረዝም ክርን ይገተራል፤ ትከሻ ወደ ጆሮ ይወጣል፤ ሳታስቡት ወደ ኮርቻው አፍንጫ ትንሸራተታላችሁ፤ የፍሬን እጀታውን ትታችሁ የመሪውን የላይኛውን ቀጥታ ክፍል መያዝ ታበዛላችሁ። የትንሿና የቀለበት ጣት መደንዘዝ በመዳፍ ጠርዝ በኩል የሚያልፈው ነርቭ መጫኑን የሚናገር ምልክት ነው። ከጉዞ በኋላም ካልለቀቀ፣ ወይም ጣታችሁ ጉልበት ካነሰው፣ ብሎን ከመፍታት አልፎ ሐኪም ማየት ይገባል።

ሲያጥር ደግሞ ጀርባ እንደ ድመት ይጎብጣል፤ ከኮርቻ ተነስታችሁ አቀበት ስትወጡ ጉልበታችሁ ክርናችሁን ሊነካ ይቃረባል፤ እጃችሁ የእጀታውን የፊት ጫፍ ፍለጋ ወደፊት ይሄዳል። የፊት ጎማውም ይቀላል፤ ዳገት ላይ እጀታውን ስትስቡ ወዲያና ወዲህ ይላል።

የሰፈራችን ኮብልስቶን ጥሩ መፈተኛ ነው። በቀስታ እየነዳችሁ ለቅጽበት ጣቶቻችሁን ከእጀታው ላላ አድርጉ፤ ሆዳችሁና ጀርባችሁ ከያዟችሁ ርቀቱ ልክ ነው። ፊት ለፊት የምትወድቁ ከመሰላችሁ ክብደታችሁን የተሸከመው እጃችሁ ነው።

ከድሮ ጀምሮ የሚነገሩ ሁለት ዘዴዎች አሉ። አንዱ «ክርንህን ኮርቻው አፍንጫ ላይ አድርግ፤ ጣትህ መሪውን ከነካ ልክህ ነው» ይላል። ሌላው ተቀምጠህ ወደታች ስታይ መሪው የፊት ጎማውን መሃል ከሸፈነ ልክ ነው ይላል። ሁለቱንም አልመክርም። የመጀመሪያው የወገብንና የላይኛውን ክንድ ርዝመት አያውቅም፤ ሁለተኛው እንደ ሹካው ዝንባሌና እንደ ጭንቅላታችሁ አቀርቃሪነት ይለዋወጣል።

በነጻ የሚገኘው ማስተካከያ

ገንዘብ ሳታወጡ የሚደረጉ ሦስት ነገሮች አሉ። ብዙ ሰው ዘልሏቸው ወደ መርካቶ ይሮጣል።

የመጀመሪያው የፍሬን እጀታው ቦታ ነው። እጀታው በመሪው ጥምዝ ላይ ወደታች ተንሸራቶ ከታሰረ የእጅ አንጓ ይታጠፋል፣ ርቀቱም ይጨምራል። የመሪውን ቴፕ ፈትታችሁ ትንሽ ወደላይ ብትመልሱት የላይኛው ክፍልና እጀታው አንድ ደልዳላ ሜዳ ይሆናሉ። በዚህ ብቻ ከ5 እስከ 10 ሚሊሜትር ይተርፋል።

ሁለተኛው ከአንገቱ ሥርና በላይ ያሉት ቀለበቶች ናቸው። የሹካው ዘንግ ወደኋላ ስለሚያጋድል፣ 10 ሚሊሜትር ቀለበት ከላይ ወደ ሥር ባዛወራችሁ ቁጥር መሪው ወደ 10 ሚሊሜትር ገደማ ከፍ ሲል 3 ሚሊሜትር ያህል ወደ እናንተ ይመጣል። 3 ሚሊሜትር የማይረባ ይመስላል፤ ግን ከፍታው ሲጨመርበት ሰውነት ይሰማዋል።

ሦስተኛው አንገቱን መገልበጥ ነው። አብዛኞቹ አንገቶች ጎናቸው ላይ 6 ወይም 7 ዲግሪ የሚል ቁጥር አላቸው፤ ተገልብጠውም ይሠራሉ። 6 ዲግሪ የሆነ 100 ሚሊሜትር አንገት ካቀረቀረበት ወደ ቀና ቢገለበጥ መሪው 2 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ይላል፣ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህልም ይቀርባል። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ስትሠሩ የፍሬንና የማርሽ ገመዶቹ እንደሚደርሱ ተመልከቱ፤ መሪውን ሙሉ ለሙሉ ግራና ቀኝ አዙሩት፤ የሚወጠር ገመድ ካለ ያሳያችኋል። «ቀና ያለ አንገት አያምርም» የሚል ሰው አይጠፋም። ጽጋቡ ግርማይ በአውሮፓውያን 2016 ቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ ዝቅ ብሎ የሚጋልብበትን ፎቶ አይተን ስንቶቻችን ቀለበቶቻችንን አውጥተን ጣልን። እሱ ግን ሥራው ነው፤ ሰውነቱ ለዓመታት በቀን ለሰዓታት የለመደው ነው። የኛ ሳምንት ቅዳሜና እሁድ ነው።

አንገት ወይስ መሪ?

በነጻው ካልተፈታ ወደ ግዢው እንሂድ። አብዛኛው ሰው የሚስተው የመሪው የራሱ ርዝመት ነው። የኮርስ መሪ ከታሰረበት መሃል ተነስቶ ወደፊት ተጉዞ ይታጠፋል፤ ያ ወደፊት የሚጓዘው ልክ «ሪች» ይባላል። ኮምፓክት በሚባሉት፣ አጠር ብለው ብዙም ወደታች በማይወርዱት መሪዎች፣ ከ70 እስከ 80 ሚሊሜትር ነው። በድሮው ክብ ቅርጽ ግን 85፣ 90፣ ከዚያም በላይ አለ። ስለዚህ 100 ሚሊሜትር አንገት ያላቸው ሁለት ብስክሌቶች በመሪያቸው ብቻ 2 ሴንቲሜትር ሊለያዩ ይችላሉ። «ስንት አንገት ትነዳለህ?» ብሎ ጓደኛን ጠይቆ ያንኑ መግዛት የማያዋጣው በዚህ ምክንያት ነው።

የጎረቤቴን ልጅ ታሪክ ላንሳ። ቁመቷ 1 ሜትር ከ58 ነው፣ እጆቿ ትንንሽ ናቸው። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ከእንጦጦ ጀርባ ቁልቁል ስወርድ ፍሬኑ አይደርስልኝም» አለችኝ። ብስክሌቷን በራቸው ላይ አቁመን አየነው፦ 42 መሪ፣ ሪቹ 85፣ አንገቱ 100። በማግስቱ 80 አንገት ልትገዛ ነበር። የመሪውን የታጠፈ ታችኛ መያዣ እንድትይዝ አድርጌ ጣቷን ስትዘረጋ ጫፉ ብቻ ፍሬኑን ነካው። አጭር አንገት ሙሉ መሪውን ወደ እሷ ያመጣዋል እንጂ ጣቷንና ፍሬኑን አያቀራርብም፤ ትከሻዋ ላይ የሚሰፋውን መሪም አያጠብም። መጀመሪያ የእጀታውን ማቅረቢያ ብሎን ፈለግን፤ አብዛኞቹ የቅርብ ጊዜ እጀታዎች ላስቲኩ ሥር ወይም ፊት ለፊት ትንሽ ብሎን አላቸው፣ ስትጠብቅ ፍሬኑ ወደ መሪው ይጠጋል። ቀጥሎ 38 ሴንቲሜትር ስፋትና 70 ሚሊሜትር ሪች ያለው ኮምፓክት መሪ ተገዛ። 15 ሚሊሜትር በመሪው ብቻ ቀረበላት፤ መጥበቡም ትንሽ ጨመረላት። 100 ሚሊሜትሩ አንገት እዚያው ቀረ፣ አሁንም በሱ ነው የምትነዳው።

የኔ ጉዳይ የተገላቢጦሽ ነበር። መሪዬ ኮምፓክት ነው፣ ሪቹ 77፣ ቅርጹ ለእጄ ደህና። የረዘመው አንገቱ ነበር። 110 ተውሼ ሦስት ሳምንት ጋለብኩ፤ ተሻለኝ፣ አልጠፋም። 100 ገዛሁ፤ ሰንዳፋ ደርሼ ስመለስ ጣቶቼን መቁጠር ተውኩ። ስለዚህ መለያው ይህ ነው፦ እጃችሁ በመሪው ቅርጽ ውስጥ ሁሉም ቦታ ተመችቶት ሁሉም ነገር በአንድነት ከራቀ አንገቱን አሳጥሩ። ታችኛው መያዣ ላይ ፍሬን ካልደረሰ፣ ትከሻ ከተከፈተ፣ ወይም የላይኛው ክፍል ደህና ሆኖ እጀታው ብቻ ከራቀ መሪውን ቀይሩ።

ወጪውንም አስቡት። አንገት ለመቀየር የፊት መክደኛውን አራት ብሎን፣ የአናቱን ብሎንና የጎን ብሎኖቹን መፍታት ይበቃል። መሪ ሲቀየር ቴፑ ይላጣል፣ እጀታዎቹ ይወልቃሉ፣ ገመድ የሚተካበትም ጊዜ ብዙ ነው፤ የሠራተኛው ዋጋ ሌላ ነው። ስለዚህ ጥርጣሬ ካላችሁ ያገለገለ አንገት ተውሳችሁ ሞክሩ፣ ከዚያ ስለ መሪው ወስኑ። ግን በአንድ ጊዜ 3 ሴንቲሜትር አትዝለሉ። አንገት የሚሸጠው በ10 ሚሊሜትር ልዩነት ነው፤ ሰውነትም በዚያው ልክ ቢሄድ ይሻለዋል።

የማሳጠር ድንበር አለ። የኮርስ ብስክሌት ብዙውን ጊዜ ከ90 እስከ 120 አንገት ታስቦ ይሠራል፤ በትንንሽ ቁጥር ብስክሌቶች ላይ 80 ይመጣል። ርቀቱ እንዲስማማችሁ 60 ወይም 70 ካስፈለጋችሁ ብስክሌቱ ትልቅ ነው ማለት ነው፤ የፊት ጎማው ክብደት ያንሰዋል፣ መሪው በትንሽ ንክኪ ይዞራል። በተቃራኒው 130 አስገብታችሁ ገና የሚጠብባችሁ ከሆነ ብስክሌቱ ትንሽ ነው። ያን ጊዜ ሸጦ በልኩ መግዛት ከብዙ አንገት ይረክሳል።

ስፋት

የልብስ ሰፊ ሜትር አምጡና ጀርባችሁን ግድግዳ አስደግፉ። በትከሻችሁ ጫፍ፣ ክንድ ከሚጀምርበት በላይ፣ ጠንካራ የአጥንት ጉብታ አለ። ከግራው እስከ ቀኙ ቀጥታ ይለካ። 40 ሴንቲሜትር ከሆነ 40 መሪ መነሻችሁ ነው። በሁለት መጠን መካከል ከሆናችሁ ዛሬ ጠባቡን የሚመርጠው ይበዛል፣ እኔም ከነሱ ነኝ፤ ሰፊ መሪ ትከሻን ከፍቶ ክንድን ያራዝማል፣ በረጅም መንገድ ላይ የማጅራት ጅማት ያደክማል። ጥርጊያ መንገድና ጠጠር የሚያበዛ ሰው ግን ሰፊው የተሻለ መቆጣጠሪያ ይሰጠዋል።

ሱቅ ውስጥ ተጠንቀቁ። አብዛኞቹ አምራቾች ስፋቱን ከቱቦው መሃል እስከ ቱቦው መሃል ይለካሉ፤ አንዳንዶቹ፣ በተለይ የጣሊያን ሥሪቶች፣ ከውጭ እስከ ውጭ። ቱቦው 24 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ «42» የተባለው መሪ ከ40 የማይበልጥ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን አትመኑ፣ በሜትር ለኩ።

ለውድድር የምትዘጋጁ ከሆነ ደግሞ የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ከአውሮፓውያን 2026 ጀምሮ ለጎዳና ውድድር የመሪን ዝቅተኛ ስፋት ከውጭ እስከ ውጭ 400 ሚሊሜትር አድርጓል። ከመሃል እስከ መሃል 38 የሆነ መሪ ወደ 404 ስለሚመጣ ያልፋል፤ 36 ግን ጫፉ ወደ ውጭ ካልተከፈተ በስተቀር አያልፍም። ቀጭን ትከሻ ያላችሁ ልጆች ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አስሉ።

ቅርጽ

ኮምፓክት ጥልቀቱ፣ ማለትም ከላይኛው ክፍል እስከ ታችኛው መያዣ ያለው ልክ፣ ከ120 እስከ 130 ሚሊሜትር ነው፤ የድሮው ክብ ግን ከ140 እስከ 150 ይወርዳል። በኛ መንገድ ላይ ምርጫዬ ያለ ማመንታት ኮምፓክት ነው። ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ ወጥተን ወደ ሱሉልታ ስንወርድ፣ ከጎን የጭነት መኪና፣ ከፊት አህያ በሚኖርበት መንገድ፣ ታችኛውን መያዣ ይዘን ጣታችን ፍሬን ላይ መሆን አለበት። ጥልቅ መሪ ያለው ሰው ታችኛውን ስለሚፈራው ቁልቁለቱን በላይኛው ይወርደዋል። ከላይ ሆኖ ፍሬን መያዝ ጣትን ያደክማል፤ ድንገት ጉድጓድ ሲመጣም እጅ ሊያመልጥ ይችላል። የማይያዝ መያዣ ደግሞ ተሸክሞ መዞር ብቻ ነው።

ታችኛው ጫፉ ወደ ውጭ የሚከፈተው፣ 12 ወይም 16 ዲግሪ የሚባለው ዓይነት፣ የተሠራው ለጠጠር መንገድ ነው። ከሰንዳፋ አስፋልቱን ለቀው ወደ እርሻው መሃል ለሚገቡ ደስ ይላል። በአስፋልት ብቻ ለሚጋልብ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ስለ አየራችን አንድ ነገር ልበል። ከ2,400 እስከ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ነው የምንጋልበው። አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል ወይም ከዚያ በላይ የሳሳ ነው። አየሩ የሚገታን በዚያው ልክ ያንሳል፤ በአንጻሩ ለሳንባችን የሚገባውም ኦክስጅን ያንሳል። ስለዚህ ሆድን አጣጥፎ እጅግ ዝቅ ብሎ መጋለብ የሚሰጠው ትርፍ እዚህ ከቆላው ያነሰ ነው፤ በደንብ መተንፈስ የሚሰጠው ግን ይበልጣል። መሪያችሁ በአንድ ሴንቲሜትር ከፍ ቢል ብዙ አትከስሩም። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ከፊት ንፋስ ሲነሳ ዝቅ ማለት ከፈለጋችሁ ክርናችሁን እጠፉ፤ ርቀቱ ልክ ከሆነ ለዚያ ቦታ ይኖራችኋል።

ላገለገለና ለድሮ ብስክሌት

ከውጭ የሚመጡ ያገለገሉ የብረት ኮርሶች በኛ አካባቢ ብዙ ናቸው፣ ጥሩም ናቸው። ግን አንገታቸው ሌላ ነው፦ ሹካው ውስጥ የሚገባ፣ 22.2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ ከላይ በአንድ ረጅም ብሎን የሚጠብቅ። ከፍ ለማድረግ ይመቻል፤ እግሩ ላይ የተቀረጸውን የገደብ መስመር ግን ከውጭ ማየት የለባችሁም። ከታየ ከሹካው ውስጥ የያዘው አጥሯል፣ ሊሰበር ይችላል። ርዝመቱን ለመቀየር ሙሉውን መንቀል ያስፈልጋል፤ የዘመኑን አንገት ማሰር የሚያስችል ማስተላለፊያም ይገኛል፣ ካገኛችሁት ጥሩ መፍትሔ ነው።

ዋናው አደጋ የመሪው ውፍረት ነው። አንገቱ የሚይዘው የመሪው መሃል በዛሬዎቹ 31.8 ሚሊሜትር ነው። በድሮዎቹ የጣሊያን ሥሪት 26.0፣ በብዙ የጃፓን ሥሪትና በተራ ብስክሌት 25.4። 26.0 እና 25.4 በዓይን አይለዩም። ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ከሌላችሁ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ ቆርጣችሁ መሪው መሃል ላይ አንድ ዙር ጠቅልሉና ለኩ፦ ወደ 10 ሴንቲሜትር ከመጣ 31.8፣ 8 ሴንቲሜትር ከ2 ሚሊሜትር ገደማ ከመጣ 26.0፣ 8 ሴንቲሜትር ሊሞላ ጥቂት ከቀረው 25.4 ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ለኩት።

ይህን አጥብቄ የምለው ስላየሁት ነው። መጀመሪያ ላይ ካነሳሁት ብስክሌት በፊት በነበረኝ የብረት ብስክሌት ላይ አንድ ጠጋኝ 25.4 መሪ በ26.0 አንገት ውስጥ አስገባልኝ። ክፍተቱን ከለስላሳ ጣሳ በተቆረጠ ቆርቆሮ ሞላው። ሲጠብቅ ጠንካራ ይመስል ነበር። ለገጣፎ መግቢያ ላይ አንድ ባጃጅ ከፊቴ ሲታጠፍ ሁለቱንም ፍሬን ያዝኩ፣ ክብደቴ በሙሉ ወደ እጄ መጣ፣ መሪው በአንገቱ ውስጥ ቁልቁል ዞረ። ደረቴ አንገቱን መታው፤ ወደቅኩ። ተነስቼ ሳየው ቆርቆሮዋ ተጨማድዳ ግማሿ ወጥታለች፣ የመሪው ብረት ላይ የሚያብረቀርቅ ፍቅፋቂ ቀርቷል። የተረፍኩት ቀስ ብዬ ስለነበር ነው። የተለያየ ውፍረት ያላቸውን ክፍሎች በጣሳ አታገናኙ፤ «ይይዛል» ቢሏችሁም እምቢ በሉ።

የወደቀ ብስክሌት መሪም አይገዛ። አሉሚኒየም ከተጣመመ ተመልሶ አይቃናም። ካርቦን ደግሞ ስንጥቁ ከቴፑ ሥር ተደብቆ በድንገት ይሰበራል። ታሪኩን የማታውቁትን ያገለገለ የካርቦን መሪ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓ፣ አልመክርም። በኮብልስቶንና በጉድጓድ መሃል ለሚኖር ሰው ደህና የአሉሚኒየም መሪ ይበቃዋል። መሪና አንገቱ አንድ ወጥ ሆኖ የተሠራው ዘመናዊውም ርቀቱ ካልተስማማችሁ የምትቀይሩት ሁለቱንም ነው፤ ልካችሁን በቁጥር ሳታውቁ አትግዙት።

በማውንቴን ብስክሌት ላይ የኮርስ መሪ ማሰር የሚፈልጉ ወጣቶችም ብዙ ናቸው። የማውንቴኑ ፍሬም ለቀጥታ መሪ ተብሎ ረጅም ተደርጎ ነው የሚሠራው። የኮርስ መሪ ሲመጣ ሪቹና የእጀታው ርዝመት ተደምረው ከ10 ሴንቲሜትር በላይ ሊጨምሩ ይችላሉ። ፍሬኑና ማርሹም ብዙ ጊዜ ከኮርስ እጀታ ጋር አይግባቡም። ገንዘቡን አጠራቅማችሁ ያገለገለ ኮርስ ብትገዙ ይሻላችኋል።

ሲታሰር

ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። ለዘመኑ አንገት መጀመሪያ አናቱ ላይ ያለችው የመክደኛ ብሎን የሹካው ኩሽኔታ ልቅነቱ እስኪጠፋ ብቻ ትጠብቃለች፤ መሪው በነጻ መዞር አለበት። ቀጥሎ አንገቱ ከጎማው ጋር ቀጥ ይደረግና የጎን ብሎኖቹ ተራ በተራ ይጠብቃሉ። የጎኖቹ ሳይላሉ የአናቷን ብሎን ማጥበቅ ምንም አይሠራም፤ ብዙ ጠጋኞች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። የፊት መክደኛው አራት ብሎኖች በመስቀል ይጥበቁ፤ አምራቹ የተለየ ንድፍ ካላዘዘ በቀር ከላይና ከታች የሚቀረው ክፍተት እኩል ይሁን። አንገቱ ላይ የኒውተን ሜትር ቁጥር ተጽፎ ይገኛል፣ ብዙ ጊዜ 5 ነው፤ ከዚያ በላይ አትጨምሩ። መለኪያ ቁልፍ ያለው ጓደኛ ካላችሁ ለአንድ ቀን ተዋሱት። አጭር አሌን ቁልፍ በረጅም ቧንቧ አራዝሞ ማጥበቅ የብሎኑን ጥርስ ይበላል፣ ካርቦን ከሆነ ደግሞ ይሰብራል።

ካሰራችሁ በኋላ የፊት ጎማውን በጉልበታችሁ መሃል አጥብቃችሁ ይዛችሁ መሪውን ለማዞር ሞክሩ፤ ቀጥሎ የፍሬን እጀታዎቹ ላይ በሙሉ ክብደታችሁ ተጫኑ። ምንም መንቀሳቀስ የለበትም። የመጀመሪያውን ጉዞ ቅርብ አድርጉት፣ ለገጣፎ ደርሶ መልስ ይበቃል። አሌን ቁልፉን በኪሳችሁ ያዙ፤ ስትመለሱ ብሎኖቹን እንደገና ፈትሹ፣ አዲሶቹንም ሦስት ቁጥሮች ከድሮዎቹ ሥር ጻፉ።